የጉልቻው ጭስና የእናቶቻችን ሶብር

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገራችን ሰው። ሹም በሹም ሲተካ፣ ሥራ አስኪያጅ ተነሥቶ ሌላው ሲቀመጥ፣ የዕድሩ ዳኛ ሲቀየር ይህን ተረት የማይጠቅስ የለም። ስለ ወጡ ከሆነ ተረቱ እውነቱን ነው። ወጥ የሚጣፍጠው በቅመሙ፣ በቅቤውና በሠሪዋ እጅ ነው እንጂ በድንጋዩ አይደለም። ነገር ግን ውድ አንባብያን፣ እስቲ ተረቱን አንድ ጊዜ ቀስ ብላችሁ አድምጡት። ከማን ወገን ሆኖ ነው የሚናገረው? ከበላተኛው ወገን ነው። ድስቱ አለ፣ ወጡ አለ፣ ጉልቻው አለ፤ ከጉልቻው አጠገብ በርከክ ብላ እሳቱን እፍ የምትለው ሴት ግን የለችም። ጉልቻው ቢለወጥ ለዓይኗ፣ ለደረቷ፣ ለወገቧ ምን እንደሚሆን ተረቱ አልጠየቀም። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁትም ይህንኑ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው እንዲህ ነው፦ የምንወደው ሰው አንድን ሸክም ሳያጉረመርም ተሸክሞ ሲኖር፣ የእርሱ ትዕግሥት እኛን ከግዴታችን ነጻ ያወጣናልን? እናት «አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ» ካለች ልጅ ጉዳዩን ዘግቶ መሄድ ይችላልን? ወይስ የእርሷ ሶብር የእርሷ ኸይር ሆኖ ሳለ፣ የእኛ ዝምታ ደግሞ የእኛ ዕዳ ሆኖ ይቀራል?

ነገሩን በጥቅሉ ከማውራት በማውቀው ሥፍራ ላስይዘው። በዓረፋ ሰሞን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወልቂጤ የሚወርድ፣ ወይም 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቡታጅራ የሚደርስ መንገደኛ የሚያየው ትዕይንት አለ። የመርካቶው ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ፣ ሠራተኛው ፈቃድ ወስዶ፣ ተማሪው ደብተሩን አጥፎ ወደ አገር ቤት ይጎርፋል። ክርስቲያን ወገኖቻችን በመስቀል የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ፍራሽ፣ ቆርቆሮ፣ የውኃ ሮቶ፣ አንዳንዴም ቴሌቪዥን ተጭኖ ይታያል። ይህ ሊያኮራን የሚገባ ልማድ ነው። ከወላጁ ያልተቆረጠ ልጅ፣ ከአገሩ ያልተለየ ነጋዴ ማየት ደስ ያሰኛል።

ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ጓዝ የት እንደሚራገፍ ተከትለን እንመልከት። ቆርቆሮው ከፊት ለፊት ለተሠራው አዲስ ቤት ነው። ፍራሹ ለእንግዳ ክፍል ነው። ቴሌቪዥኑ ለሳሎን ነው። የድሮው ክብ ሣር ቤት ደግሞ ከኋላ ይቆምና ማድቤት ሆኖ ያገለግላል። በዚያ ቤት ውስጥ ሦስቱ ጉልቻዎች አባቶቻችን ባስቀመጧቸው ቦታ አሉ። ግድግዳውና ዋልታው በጥቀርሻ ጠቁሯል። ከፊት ያለው ቤት እንግዳ የሚያየው ነው፤ ከኋላ ያለው እናት የምትውልበት ነው። የልጆች ገንዘብ በአመዛኙ እንግዳው በሚያየው ላይ መዋሉን ለመረዳት ብዙ ምርመራ አያሻም። ይህን የምለው የልጆችን ቸርነት ለማንኳሰስ አይደለም። ቸርነት ዓይን እንደሚያስፈልገው ለማስታወስ ነው።

ለእናቴ በቡታጅራ አካባቢ በሚገኘው መንደራችን በጭቃ ምድጃ ሠርቼላታለሁ። ሥራው ተአምር አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ ሴቶቻችን ሲሠሩት የኖሩት ነው። ሆኖም ምድጃ የሠራሁላት እኔ ልሁን እንጂ መሐንዲሷ እርሷ ነበረች ብል ትክክሉ ይህ ነው። አፈሩን የመረጠችው እርሷ ናት። ጥቁሩ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አሸዋማው ይፈረፈራል እያለች በጣቶቿ እያሸች ጣለችውና ከወንዝ ዳር የሚወጣውን ቀይ ሸክላ አፈር አስመጣች። ጭድና እበት ተጨምሮበት በውኃ ራሰ፤ የእንሰት ቅጠል ለብሶ ጥቂት ቀናት ሰነበተ። ከዚያም በእግር ተረገጠ። ጭድ የሌለው ጭቃ እሳት ሲነካው እንደሚከፈት፣ ጭዱ ግን እንደ ክር አያይዞ እንደሚያቆየው የነገረችኝ እርሷ ናት።

ግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ውፍረት ኖሮት በምጣዱ ልክ ዙሪያውን ይነሣል። ከፊት ማገዶ የሚገባበት አንድ አፍ ብቻ ይተውለታል። ከኋላ ደግሞ ጭሱና ትርፉ ሙቀት የሚወጣበት ቀዳዳ ይበጅለታል፤ በዚያ ላይ ድስት ወይም ጀበና ቢጣድ ቆጮው እስኪጋገር ጎመኑ ይበስላል። ከቀዳዳው በላይ ጭሱ ወደ ውጭ እንዲሳብ ከግድግዳው ላይ መስኮት ተከፈተ። ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት በጥላ መድረቅ አለበት። ፀሐይ ላይ የደረቀ ጭቃ ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ስለሚሆን ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው እሳት በጭራሮ ብቻ ለስለስ ተደርጎ ይነዳል፤ አዲስ ምጣድ እንደሚሟሽ ሁሉ ምድጃም ይሟሻል። የታየው ስንጥቅ አመድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይደፈናል።

አሠራሩ ላይ ይህን ያህል የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት በየአቅጣጫው ያመልጣል፤ ነፋስ ይበትነዋል፣ ማገዶው ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል። ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው። እሳቱ ሲታቀፍና አየር በተገቢው በኩል ሲገባለት ነበልባሉ ይበረታል፣ ማገዶው ያንሳል፣ ጭሱም ይቀንሳል። ይህ ለመረዳት ሩቅ ያልሆነ፣ ለመሥራትም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ፣ መከራው ይህን ያህል ዘመን የቆየው ለምንድን ነው? ምላሹ ከጭቃው ውስጥ አይገኝም፤ ከእኛ አስተሳሰብ ውስጥ ነው።

ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች አሉ። በየተራ እንያቸው።

አንደኛው «ለምዳዋለች» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ሰው ይለምዳል። ግን የሚለምደው ምኑ ነው? አፏ ዝም ማለትን ይለምዳል፤ እጇ ትኩሱን መያዝ ይለምዳል። ሳንባዋ ጭስን አይለምድም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ አየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። የሳንባ ምች፣ የቆየ የመተንፈሻ አካል በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የዓይን ሞራ ከጭሱ ጋር የተያያዙ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1979 ዓ.ም. በቡታጅራ ዙሪያ የጀመረው የጤና ጥናት ለዓመታት የዘለቀ ነው። በዚያው አካባቢ ከ3,000 በላይ በሚሆኑ የገጠር ቤቶች ውስጥ ከማገዶ ጭስ የሚወጣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ተለክቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 97 ማይክሮ ግራም ነበር። ያኔ የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት አማካይ ያስቀመጠው ወሰን 40 ነው። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። እናቶቻችን «ለመዱት» የምንለው ይህንን ነው።

ሁለተኛው «ጠይቃን አታውቅም» የሚለው ነው። ይህ ከሁሉም የከፋ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ዝምታን እንደ ፊርማ ይቆጥራል። የሀበሻ እናት ለራሷ የምትጠይቅ ፍጥረት አይደለችም። ልጇ ከከተማ ሲደውልላት የምትጠይቀው ስለ ልጇ ነው፤ በልቷል ወይ፣ ታሟል ወይ፣ ሥራው እንዴት ነው። ስለ ራሷ ብትጠየቅ ምላሿ አንድ ነው፤ ደኅና ነኝ ትላለች። እንግዲህ ይህች ሴት በጭሱ ላይ አቤቱታ እስክታቀርብ የሚጠብቅ ልጅ እስከ መቼ ይጠብቃል? ያልተጠየቀ ሐቅ ሐቅነቱ አይቀርም። አበዳሪው ዝም ስላለ ብድሩ ተከፈለ የሚል ነጋዴ በመርካቶ ቢኖር ማን ያምነዋል?

ሦስተኛው «አያቶቻችንም እንዲህ ኖረዋል» የሚል ነው። ለአያቶቻችን ክብር ይሁንና፣ እነርሱ የኖሩት በሌላ ሒሳብ ነው። ጫካው ቅርብ ነበር። ዛሬ ማገዶ ከሩቅ የሚሸከሙት ወይም በገንዘብ የሚገዙት ሆኗል፤ ባሕር ዛፉም ከማድቤት ይልቅ ለገበያ ይፈለጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እነርሱ ጭሱ ምን እንደሚያደርግ የነገራቸው አልነበረም። እኛ ግን ዐውቀናል። ላላወቀ ሰው ምክንያት የሚሆነው ነገር ላወቀ ሰው ምክንያት አይሆንም። ዕውቀት ሲመጣ ግዴታን አስከትሎ ነው የሚመጣው።

አራተኛው ደግሞ የዘመኑ ነው፤ «መብራት እየመጣ ነው» ይባላል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ይህ የሁላችንም ደስታ ነው። አንድ ቀን የሁሉም እናት ምጣድ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ እንመኛለን። ሆኖም ገመዱ ከግድቡ እስከ መንደር፣ ከመንደርም እስከ ማድቤት እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ ምሳ አለ፣ በየቀኑ እራት አለ። የነገ ተስፋ የዛሬን ጭስ አያበርድም።

ስለ ሶብር ጥቂት ልበል፤ በዚህ ቃል ስለምንጫወት። ሶብር ታላቅ ነገር መሆኑን የሚጠራጠር ሙስሊም የለም። ነገር ግን ሶብር የተሸካሚው ጌጥ ነው እንጂ የተመልካቹ ማምለጫ አይደለም። ለራስ መከራ ሶብር ማድረግና ለሌላው መከራ ሶብር ማድረግ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ትክክለኛ ስሙ ቸልተኝነት ነው። የሶብር ምሳሌ አድርገን የምናነሣቸው ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ.) እንኳ ከነሶብራቸው ወደ ጌታቸው ተጣርተዋል፤ ምላሹም እግራቸውን መሬት ላይ እንዲመቱ ነበር፤ የሚታጠቡበትና የሚጠጡት ውኃ ፈለቀላቸው። ሶብር መድኃኒትን አይከለክልም ማለት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ማውሳታቸውም የታወቀ ነው። እንግዲህ ወንድ ልጅ ማድቤት ገብቶ ጭቃ ቢያቦካ ክብሩ የሚቀንስ ከመሰለው ሚዛኑን ከየት እንዳመጣው ይመርምር።

እስካሁን ያልሁትን የሚቃወም ብልህ ሰው ቢኖር አንድ ጠንካራ ነጥብ ሊያነሣ ይችላል። «ለሌላው ሰው የሚበጀውን አንተ ትወስንለታለህን? እናትህ ጉልቻዋን ከወደደችስ?» ቢለኝ ጥያቄው ተገቢ ነው። በየመንደሩ በመልካም አሳብ የተሠሩ፣ ነገር ግን ባለቤቶቻቸው ሳይጠየቁ የተተከሉና ዛሬ ዶሮ የሚያድርባቸው ምድጃዎች ሞልተዋል። ስጦታ ሰጪውን ብቻ ያስደሰተ እንደሆነ ስጦታ ሳይሆን ትዕዛዝ ነው።

እናቴም ጭቃው ከመቡካቱ በፊት ሦስት ነገር ነበራት። የመጀመሪያው «ልጄ፣ ጭሱ እኮ ዘበኛ ነው» የሚል ነበር። ጭስ ያጣ ሣር ቤት ክዳኑ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ምስጥና ተባይ ይገባዋል። ይህ አጉል እምነት ሳይሆን ትክክለኛ ዕውቀት ነው። መፍትሔውንም ያገኘችው እርሷ ናት፤ በሳምንት አንድ ቀን ምግብ ተሠርቶ ካበቃ በኋላ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት እርጥብ ቅጠል አጭሶ በሩን መዝጋት ነው። ጭሱ ለክዳኑ ይሁን፤ ለሰው አይሁን አለች። ሁለተኛው «የድሮውን ጉልቻ አታፍርስብኝ» የሚል ነበር። በክረምት ማታ ቤተሰብ ዙሪያውን ተቀምጦ የሚሞቀው፣ ቡና የሚፈላው፣ ጨዋታ የሚጨዋወተው እርሱ ዘንድ ነው። የታቀፈ እሳት ያበስላል እንጂ ፊት አያሳይም። እንግዲህ አሮጌው ጉልቻ ለብርድና ለጨዋታ በቦታው ቀረ፤ መጋገሩና መቀቀሉ ወደ አዲሱ ሄደ።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም የረቀቀ ነበር። የምድጃውን አፍ በእንጨት ምልክት ሳሳያት ለካችውና «ይህ የሚቀበለው ቀጭን ፍልጥ ነው። ግንዱን ማን ሊፈልጥልኝ ነው?» አለችኝ። በጉልቻ ላይ ወፍራም ግንድ ገፋ ገፋ እያደረጉ ማንደድ ይቻላል፤ በጠባብ አፍ ግን አይቻልም። ልብ በሉ፤ ማገዶን በግማሽ የሚቀንስ ምድጃ የመጥረቢያ ሥራን ሊጨምር ይችላል። ከጭሱ ያወጣናትን ሴት መጥረቢያ ካስጨበጥናት ሸክሙን ከትከሻዋ አውርደን በወገቧ ላይ አደረግነው እንጂ ምን አተረፍን? ስለዚህ ምድጃው ከመሠራቱ በፊት አንድ ስምምነት ተደረገ፤ ፍልጡን ቤት ያሉት ወንዶች ልጆች በየሳምንቱ ፈልጠው ይከምራሉ። ከዚህ የተማርሁት የምድጃው ግማሽ ጭቃ፣ ግማሹ ደግሞ የሥራ ክፍፍል መሆኑን ነው። ለተቃዋሚውም ምላሼ ይኸው ነው። ሰውን ሳይጠይቁ መርዳት ድፍረት ነው፤ መጠየቅን ፈርቶ አለመርዳት ግን ከዚያ አይሻልም። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ቁጭ ብሎ መጠየቅና በባለቤቷ ትእዛዝ መሥራት ነው።

በሌላ በኩል ምድጃን እንደ ፈውስ አድርገን እንዳንሰብክም እጠነቀቃለሁ። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተ ትልቅ ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። የተሻሻለ የማገዶ ምድጃ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ የሳንባ ምች አልያዛቸውም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጭስ ከምድጃ ብቻ አይመጣም፣ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ጎረቤት ያጨሳል፣ ምድጃውም ይሰበራል። ከዚህ የምንረዳው ጥቂት መቀነስ በቂ አለመሆኑን ነው። መስኮት ያስፈልጋል፤ የጭስ መውጫ ያስፈልጋል፤ የደረቀ ማገዶ ያስፈልጋል፤ ሕፃኑን ከማድቤት ማራቅ ያስፈልጋል፤ አቅም ሲገኝም ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ መሻገር ያስፈልጋል። ይህን ማወቅ እጅን ለማጠፍ ምክንያት አይሆንም። ሁሉን ማድረግ ያልቻለ ሰው የሚችለውን መተው የለበትም፤ የሚችለውን ሲያደርግም ሁሉን እንዳደረገ መኩራራት የለበትም።

«ታዲያ መግዛት አይቀልም ወይ?» የሚለኝም አይጠፋም። በእርግጥ ይቀላል። «ምርጥ» የተባለው ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ በ1980ዎቹ በአገራችን ባለሙያዎች ተሠርቶ ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል እንደሚያተርፍ ታይቷል። በከሰል የሚሠራው «ላቀች»ም ከዚያው ዘመን ጀምሮ በከተሞች የታወቀ ነው። እነዚህን ገዝቶ መላክ ኸይር ነው፤ ጅዳ ወይም ዱባይ ያለች እህት ደግሞ በእጇ ጭቃ ልታቦካ አትችልም። በእጅ መሥራት በራሱ ቅድስና የለውም። ዋናው ነገር ልኩን ማወቅ ነው። ለእንጀራ ተብሎ የተሠራ ምድጃ ለቆጮ ምጣድ ይገጥም እንደሆነ፣ አቀማመጡ ለጉልበቷ ይመች እንደሆነ፣ ከገንዘቡ ጋር ይህን ጥያቄ የላከች እህት ከእኔ ያነሰ አልሠራችም። በእጅ መሥራት የሚሰጠው ጥቅም አንድ ነው፤ ለቀናት በማድቤት ያስቀምጣል። በጭሱ ውስጥ አንድ ሙሉ ጋገራ ያልተቀመጠ ሰው ስለ ጭስ ሶብር ለማንም ባይሰብክ መልካም ነው።

ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ሌላ ነገርም አለ። የምጣዱንና የአፈሩን ጠባይ ጠንቅቀው የሚያውቁት ሸክላ ሠሪዎቻችን ናቸው። ክትፎው የሚቀርብበት ጣባ፣ ቡናው የሚፈላበት ጀበና፣ ቆጮው የሚጋገርበት ምጣድ ከእጃቸው የወጣ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ በብዙ ቦታ በስም የሚነቀፉ፣ በጋብቻ የሚገለሉ ሆነው ኖረዋል። ዕቃውን እያከበሩ እጁን መናቅ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? የሰው ልጅ ከጭቃ መፈጠሩን የሚያምን ሰው ጭቃ በሚሠራ እጅ ላይ እንዴት ይኮራል? የማድቤቷን እናት እንዳናይ ያደረገንና ሸክላ ሠሪዋን እንድንንቅ ያደረገን ዕውርነት ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። የሁለቱንም ድካም በየቀኑ እንበላለን፤ የሁለቱንም ፊት አንመለከትም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ስመለስ ምላሼ ግልጽ ነው። የእናት ሶብር አጅሩ ለእርሷ ነው፤ ለእኛ ፈቃድ አይሆንም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። የሚጮኽ ሰው ቢያንስ ይሰማል፤ የማይጮኽ ሰው ግን ሐቁ ያለው በሚወዱት ሰዎች አማና ላይ ብቻ ነው። ሶብሯ በበረታ ቁጥር የእኛ ጥያቄም መበርታት ነበረበት።

ለመጪው ዓረፋ ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ሌላም ቦታ የምትገቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ከጓዛችሁ ጋር አንድ ሜትር ያዙ። ከሳሎኑ በፊት ወደ ማድቤቱ ግቡ። አንድ ጋገራ እስኪያልቅ ከእናታችሁ አጠገብ ቁጭ በሉ፤ በር ላይ ቆማችሁ ሳይሆን እርሷ በምትቀመጥበት ከፍታ ተቀምጣችሁ። የምጣዱን ስፋት ለኩ። መስኮት ይኑር አይኑር፣ ማገዶውን ማን እንደሚያመጣና ማን እንደሚፈልጥ ጠይቁ። ደኅና ነኝ ብትላችሁ እሺ በሉና ጥያቄውን በሌላ መንገድ ድገሙት። ሠርታችሁ ወይም ገዝታችሁ ከጨረሳችሁም በኋላ ከወር በኋላ ደውሉና ምድጃው ምን እንደጎደለው ስሙ፤ ጉድለቱን ከነገረቻችሁ እየተጠቀመችበት ነው ማለት ነው። ወሏሁ አዕለም።